የኑሰይባ ወሊይና የአባቷ ፔጆ

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድማችን ፋሪስ፣ ሜልበርን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ባሕር አቋርጦ የወሰደህ ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ሪዝቅህን ያስፋ፣ ጉልበትህን ያጽና። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን።

«ስልክ እያለ ምን ያጽፋታል?» እንዳትለኝ። ስለ ፔጆዋ ጥገና በስልክ የምትነግረኝን መኪናዋ ጋ ስደርስ እረሳዋለሁ። በዚያ ላይ አንተ ጋ ስደውል የቤቱ ሰው ሁሉ ስልኩን ይነጥቀኛል፤ አንዱ ስለ አየሩ፣ አንዱ ስለ ካንጋሮ ሲጠይቅህ ቀኑ ይመሻል። እኔ የምፈልገው ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ እያየሁ የምሠራበት ወረቀት ነው። ይህን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም እልከዋለሁ፤ አንተም እንደዚያው አድርግ።

መጀመሪያ የምሥራቹ። ኑሰይባ ልታገባ ነው። ልጁ የሰፈራችን ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፣ ሶላቱን የያዘ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ልጅ ነው። ሠርጉ በጥር መጨረሻ ነው። ልጄ ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአባቷ ፔጆ መሄድ። ዐብዱራሕማን አላህ ይርሐመውና፣ ያቺን 404 ከእኔ ባላነሰ ይወዳት እንደነበር ታውቃለህ። ከሞተም በኋላ ዓርብ ዓርብ እያስነሣሁ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሸዋ በር እየነዳሁ አቆይቻታለሁ።

አሁን ግን አስቸገረችኝ። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ ትልና ዝም። ደግሜ ደጋግሜ ሳዞር የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪው ላይ የታሠረውን ገመድ ጫፍ ስነካው ጣቴን ፈጀኝ። አዲሱ ከተማ ጋራዥ ያለው ሚልኪያስ መጥቶ አየና «ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር» አለ። መብራቷ ግን ቦግ ብሎ ይበራል። ያለቀ ባትሪ እንዴት እንዲህ ያበራል? ወንድሜ ዐብዱልዋሲዕ ደግሞ «ይቺን ብረት ለሙዚየም ስጪና ነጭ ላንድክሩዘር እንከራይ» እያለ ይስቅብኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከመኪናዋ ይበልጣል። ኑሰይባ አባት የላት፣ ወንድም የላት። የአባቷ ወንድሞችም አልፈዋል። ከአባቷ ወገን የቀረኸው አንተ የአጎቱ ልጅ ነህ። ወሊይዋ አንተ ነህ። ኒካሑ ላይ ተቀምጠህ የምትድራት አንተ ነህና የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ።

እህትህ ሰዐዲያ


ሜልበርን
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሚካኤል

ለእህቴ ሰዐዲያ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በረከት ከደጃችሁ አይራቅ። ለኑሰይባ አላህ ትዳሯን የሰመረ ያድርግላት። ዜናውን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ።

ወደ መኪናዋ ልምጣ። ባትሪ አትግዢ። መብራቱ ቦግ ካለ ባትሪው አለ ማለት ነው። ሚልኪያስ ሰነፍ አይደለም፤ አባቱም ጎበዝ ነበር፤ ግን ሠልፍ ያለበት ጋራዥ ሁሉ መጀመሪያ ባትሪ ነው የሚቀይረው። ያንቺን መኪና ጠላት የነገረሽ የተቃጠለው ጣትሽ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር ብዙ ኤሌክትሪክ ባንዴ ይጠጣል። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ምንም አይሰማሽም። አንድ ቦታ ላይ ከጠበበ ግን፣ በገበያ ቀን ሸዋ በር ላይ ሰው እንደሚጋፋው፣ እዚያችው ጠባቧ ላይ ይጋፋና ይሞቃል። ስለዚህ ሥራሽ ጠባቧን ቦታ መፈለግ ነው።

እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት የወርቅ አምባሮችሽን አውልቂ፤ ቀለበትሽንም። አላፌዝኩም። ወርቅ በሁለቱ የባትሪ ራሶች መሀል ከገባ እጅሽ ላይ ይቀልጣል። አጠገቡ ክብሪት የሚባል ነገር አይጫር፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ አዙረሽ አጥፊ። ከዚያ በእጅሽ ጀርባ፣ በመዳፍሽ አይደለም፣ የፖዘቲቩን ማሠሪያ ንኪ፤ ቀጥሎ የኔጌቲቩን። የትኛው ይበልጥ ሞቀ? ከዚያ ተዪው፣ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቺ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ስትመልሺ ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። በላዩ ዱቄት ካለበት ጓንት አድርጊና ሶዳ በሙቅ ውኃ በጥብጠሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው፤ ውኃው ወደ ባትሪው ውስጥ አይግባ። ሲደርቅ የባትሪውን የእርሳስ ራስና የማሠሪያውን ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት እሺው። አጥብቀሽ እሰሪ፤ በእጅ ሲወዘውዙት መነቃነቅ የለበትም። በላዩ ትንሽ ቫዝሊን ቀቢው።

ስትጽፊልኝ ያየሽውን ሁሉ በቃል ንገሪኝ። ዱቄቱ ሻካራ ነው ወይስ ልስልስ? ማሠሪያው ሲጠብቅ ይነክሳል ወይስ ይንሸራተታል? ሽታው እንዴት ነው?

ስለ መምጣቴ በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ወንድምሽ ፋሪስ


ሐረር፣ ጀጎል
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ፋሪስ

ሰላምና ዐፊያ ካንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ለኑሰይባ አነበብኩላት። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሳቅሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ቀን በሚካኤል መቁጠር የጀመርከው? ደግሞ እጅ ጽሕፈትህ! አንድ ክፍል ስንማር መምህራችን ደብተርህን አዙረው አዙረው አይተው «ይህን የጻፈው ዶሮ ነው» ያሉህ ሰው፣ ዛሬ ፊደሉን እንደ ደብተራ ትጥለው ጀመር? አውስትራሊያ አሳደገችህ ማለት ነው።

ያልከኝን ሠራሁ። አምባሬን አውልቄ ለኑሰይባ ሰጠሁ። ቁልፉን አዙሬ ስነካ ፖዘቲቩ ያቃጥላል፣ ኔጌቲቩ ለብ ይላል። ፖዘቲቩን ስፈታ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት እንደ ሻገተ ዳቦ ወጥቶበታል፤ ሻካራ ነው፣ ሲነካ ይፈረፈራል። ማሠሪያው ለባትሪው ራስ ይሰፋዋል። በመሀላቸው የተጣጠፈ የቆርቆሮ ቁራጭ አገኘሁ። የዐብዱራሕማን ሥራ ነው። ቀጭን ራስ ያለው ባትሪ ገዝቶ አልገጥም ሲለው ከቲማቲም ጣሳ ቆርጦ ሸጉጦበት ነው፤ ቀዩ ቀለም አሁንም አለ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ቆርቆሮውን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። የእሱ ጣት ያጠፈው ነው። መልሼ ልሸጉጠው አሰብኩ። ኑሰይባ መጥታ አየችኝና «እማ፣ አባዬ ቢኖር እሱ ራሱ ነበር የሚጥለው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዐብዱራሕማን ከሸዋ በር እስከ ቤት ለመድረስ ያህል የጠገነውን ረስቶት ነው የኖረው። ጣልኩት።

ሚልኪያስ ለቀጭኑ ራስ የሚሆን ማሠሪያ ከድሬዳዋ አስመጣልኝ። «ባትሪው አልቋል ያልኩት ቸኩዬ ነው» ብሎም አመነ። አጥብቄ አሠርኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁ። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣች! በዐብዱልዋሲዕ ሱቅ በር ላይ ሆን ብዬ ጥሩንባ እየነፋሁ አለፍኩ።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። ሸዋ በር ደርሼ አጥፍቼ ሳስነሣት አንገራገረች። ስነካ ፖዘቲቩ ቀዝቅዟል፤ አሁን የሚያቃጥለው ኔጌቲቩ ነው። የሁለቱንም ፎቶ ልኬልሃለሁ። ከእነሱም ጋር ኑሰይባ የሠርጓን ልብስ ስትለካ ያነሣኋትን አያይዣለሁ፤ እየውና ፍረድ።

የመምጫህን ቀን አልነገርከኝም። እየጠበቅሁ ነው።

እህትህ ሰዐዲያ


ሜልበርን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ሰዐዲያ

የአላህ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይሁን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር በይኝ፤ እዚህ ሥራም ቀጠሮም በዛ።

ጥሩ ሠርተሻል። ሙቀቱ ቦታ መቀየሩ አያስደንግጥሽ። ፖዘቲቩ ጠባብ እያለ ብዙ አያሳልፍም ነበርና የኔጌቲቩ ድካም ተሸፍኖ ነው የኖረው። አሁን ኤሌክትሪኩ በደንብ ሲሄድ ሁለተኛው ጠባብ ቦታ ታወቀ። ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚወጣው ገመድ ወደ መኪናዋ ገላ ሄዶ በቡሎን ይታሠራል፤ ሚልኪያስ ማሳ የሚለው እሱን ነው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅሽ ዳብሽው። ከላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ገመድ አለ፤ እንዲህ ያለው ሲጨብጡት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ደግሞም እንደ ደረቀ ጅማት ይገተራል። ቡሎኑ የተቀመጠበት ብረት ላይ ቀለም ወይም ዝገት ካለ ፍቀሽ ብረቱ እስኪያበራ አጽጂው። ሚልኪያስ ቮልት የሚለካ ቴስተር ካለው አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ አንዱን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ይያዝ፤ አንቺ ቁልፉን አዙሪ። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ አይርቅም።

ስለ ኒካሑ አስቤበታለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፈቃድ ማግኘትም ይከብዳል። ለዐብዱልዋሲዕ ውክልና ልስጥ፤ በሸሪዓው ይፈቀዳል። እሱ በእኔ ቦታ ተቀምጦ ይዳራት። እኔ ከዚህ ዱዓ አደርጋለሁ።

ወንድምሽ ፋሪስ


ሐረር፣ ጀጎል
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፋሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም።

ማሳውን አላየሁም። ከደብዳቤህ ወዲህ ኮፈኑንም አልከፈትኩም።

ዐብዱልዋሲዕ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ። ውክልናውን ስነግረው ግን እሱ ራሱ አልተቀበለውም። «ሰዐዲያ፣» አለኝ፣ «ሰው ሲታመም ወይም ሲታሠር ነው እንጂ፣ በደህናው ቀን ውክልና ምንድን ነው? ፋሪስ ተቀይሞን ይሆን?» ምን ልበለው? እኔም አላውቅ።

ተቀምጬ ደብዳቤዎችህን ደግሜ አነበብኩ። አንተ ሥራ በዛብኝ ብለህ ዘመድ የምትረሳ ሰው አይደለህም፤ ዐብዱራሕማን ሲታመም ወር ሙሉ አጠገቡ የተኛኸው አንተ ነህ። ነገሩ ሌላ ነው። የማሠሪያዎቹን ፎቶ ላክሁልህ፤ ስለ ፎቶዎቹ አንዲት ቃል አልጻፍክም። የኑሰይባን ላክሁልህ። ልጅቷ በአያቷ ወርቅ አጊጣ፣ ከላይ እስከ ታች ሐር ለብሳ ቆማለች። ሠርግ የሚጠላ ሰው እንኳ ማሻአላህ ይላል። አንተ ዝም። ከዚያ «በእጅሽ ዳብሽው፣ ሽታውን ንገሪኝ፣ ድምፁን ስሚ» ትለኛለህ። ደብዳቤህን የሚጽፈው እጅ ያንተ አይደለም፤ የሚካኤልን ቀን የሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ፋሪስ፣ ዓይንህ ያያል ወይስ አያይም? ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም። ጻፍልኝ።

ሰዐዲያ


ሜልበርን
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ሰዐዲያ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ የጠየቅሽኝን ለመመለስ ድፍረቱን ይስጠኝ ብዬ ነው የጀመርኩት።

አያይም። ስኳሩ ነው። መጀመሪያ የግራው ደበዘዘ፤ ሐኪሞቹ በጨረር ሞከሩ። ቀኙ ሲከተል የአውቶቡስ ጋራዡን ሥራዬን አስረከብኩ። አሁን ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ፣ መስኮቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በሽታውን አልደበቅኩም፤ ስኳር እንዳለብኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይኼኛውን ግን ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሐረር ውስጥ ስሜ ሲጠራ ሰው የሚያስታውሰው ምንድን ነው? ፋሪስ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት በፔጆ ሲወጣ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መኪና ዞሮ መቆም ሲያቅተው ፋሪስ ይጠራ ሲባል። እዚያ ቦታ ላይ ሰው ክንዴን ይዞ እየመራኝ «ደረጃ አለ፣ ድንጋይ አለ» ሲለኝ አሰብኩት። ልጅቷን ልድር ስቀመጥ ሰው ሙሽሪትን ትቶ እኔን ሲያይ፣ ሲያዝንልኝ አሰብኩ። የደስታ ቀኗን የሐዘን ቤት አላደርገውም። በዚህ ነው ውክልና ያልኩት። አንቺን ተቀይሜሽ አላውቅም።

ፋሪስ

ለወይዘሮ ሰዐዲያ፦ እኔ ኒቆዲሞስ እባላለሁ፤ የሐረር ልጅ፣ የአቶ ፋሪስ ጎረቤት ነኝ። እጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ ሚካኤልንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ይህን እሳቸው ሳያዙኝ እየጻፍኩ መሆኑን ግን ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። የኑሰይባን ፎቶ መጣ ብዬ ስነግራቸው «ንገረኝ» አሉኝ። የልብሱን ቀለም፣ ወርቁን፣ አገጯን ከፍ አድርጋ መቆሟን ሁሉ ነገርኳቸው። ደጋግመው አስነገሩኝ። ከዚያ ግን «ስለ ፎቶው አትጻፍ፣ አላየሁትም፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልዋሽም» አሉኝ።


ሐረር፣ ጀጎል
ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኑሰይባ ወሊይ ለፋሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሰጠም የወሰደም ጌታ ልብህን ያብራልህ።

አለቀስኩ። ይኼን በአንድ ቃል ልጻፈውና ልለፍ፤ ምክንያቱም ሥራ አለብን።

ሸኻችን ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። «ዓይኑ የማያይ ወሊይ ይድራል ወይ?» አልኳቸው። አዩኝና «ልጄ፣ ወሊይ የሚድረው በምኑ ነው?» አሉኝ።

«በአፉ» አልኩ።

«አፉ ይናገራል?»

«ከሚገባው በላይ።»

ሳቁ። «እንግዲህ ይምጣ» አሉ። ይኸው ነው ፍርዱ።

ሰው ያዝንልኛል ላልከው፣ አዎን ያዝናል። እኔ ባሌ ሞቶ በፔጆው ስወጣ ያላዘነልኝ ሰው አልነበረም። «ሴትዮዋ ሐዘን አሳብዷት ነው» አሉኝ። ለጥቂት ጊዜ አዘኑ፣ ከዚያ ሰለቻቸው፣ አሁን ከገበያ አድርሽን ይሉኛል። ያንተም ይሰለቻቸዋል። ኑሰይባን ጠይቄያት ያለችውን እንዳለ ልጻፍልህ፦ «አጎቴ ካልመጡ ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ይሁን። እሳቸው እስኪመጡ እጠብቃለሁ እንጂ በውክልና አልዳርም።» ይህችን ልጅ ታውቃታለህ፤ አባቷን ናት፣ አትታጠፍም።

መኪናዋን ጨርሰናል። ሚልኪያስ ቴስተሩን ይዞ መጣ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ አንዱን ሞተሩ ላይ ያዘ፣ እኔ ቁልፉን አዞርኩ። «ኧረ ከአንድ ቮልት በላይ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አንዱን ጫፍ እያስጠጋ እያስጠጋ ሲመጣ ችግሩ ገመዱ ላይ መሆኑ ታወቀ። እኔ ደግሞ ዳሰስኩ። እንዳልከው ማሠሪያው አጠገብ ስጨብጠው ሲጥ አለ። ላስቲኩን በቢላ ሰነጠቅነው። ፋሪስ፣ መዳብ የሚባል ነገር የለም! አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ጥቂት ክር ብቻ ቀርታ ያን ሁሉ የምትሸከመው እሷ ኖራለች። ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ዐብዱራሕማን ገላዋን ሲያስቀባ ቡሎኑ በቀለም ተሸፍኗል። ሚልኪያስ «እኔ ይኼን ሳላይ ባትሪ ቀይሪ አልኩሽ፣ አሁንስ አፈርኩ» አለ። «ከማፈር ወፍራም ገመድ አምጣ» አልኩት።

አመጣ። ጫፉን በደንብ አስጨብጠን ገጠምነው፤ ብረቱን እስኪያበራ ፋቅሁት፤ እጄ እስካሁን ያመኛል። ዳግመኛ ሲለካ ቁጥሩ ዜሮን አልራቀም። አጠፋን አስነሣን፣ አጠፋን አስነሣን። በእጄ ጀርባ ብነካ ብነካ ቀዝቃዛ።

ስለዚህ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የምትቀበልህ 404 ናት፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። የምትደርስበትን ቀን ብቻ ጻፍ።

እህትህ ሰዐዲያ


ሜልበርን
ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ሰዐዲያ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ኒቆዲሞስ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ ሸኹ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። እኔ ግን ያሸነፈኝ ገመዱ ነው። በጥቂት ክር ያን ሁሉ የተሸከመች መኪና አለች፤ እኔ ምን ሆኛለሁ ብዬ ነው ቤት የተቀመጥኩት አልኩ።

ጥር 17 ቀን ከቀትር በኋላ ድሬዳዋ እደርሳለሁ። እስከ አዲስ አበባ የአውሮፕላኑ ሰዎች ይረዱኛል፤ ከዚያም እንደዚያው። ኒቆዲሞስ አብሮኝ ሊመጣ ፈልጎ ሥራው አልለቀቀውም። እናቱ እማማ ገላነሽ አዲሱ ከተማ ናቸው፤ ጠይቂልኝ ይላል። ለኑሰይባ ቀኑን እንዳትቀይር ንገሪያት።

ፋሪስ


ሐረር፣ ጀጎል
የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድማችን ለኒቆዲሞስ፣ ሜልበርን

እንዴት ሰነበትክ? ፈጣሪ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ለጎረቤትህ የሆንከውን ለአንተም የሚሆን ሰው አያሳጣህ። በፋሪስ ስም ስትጽፍልኝ ከርመህ እኔ ለራስህ ሳልጽፍልህ ብቀር ነውር ነው። ደግሞ የሆነውን በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ።

ድሬዳዋ ላይ አንዲት የአየር መንገዱ ልጅ ክንዱን ይዛ ስታወጣው አየሁት። ከስቷል። ግን ልብሱን አሳምሮ፣ ቆቡን አስተካክሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ሰላም ከማለቱ በፊት «ሞተሩን አጥፍተሽዋል?» አለኝ። «አጥፍቻለሁ» ስለው «አስነሺው፣ ልስማ» አለ። አስነሣሁ። ኮፈኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ ነው ያቀፈኝ።

ደንገጎን ስንወጣ ከፊታችን ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው። ዳገት ላይ ነን፣ ከኋላ መኪናው ተደርድሯል። ሞተሩ እንዳይግል ብዬ አጠፋሁ። መንገዱ ሲከፈት ከኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩንባ ነፋ። እኔ ቁልፉን ይዤ ቢስሚላህ ቢስሚላህ እላለሁ እንጂ አላዞርኩም። ፋሪስ ቀስ ብሎ «አዙሪ። አንቺ የሠራሽውን አንቺ ካላመንሽው ማን ያምነዋል?» አለኝ። አዞርኩ። ባንዴ ተነሣች። ዳገቱን ጨርሰን ከመንገድ ወጣ ስንል አቁሚ አለኝ፤ ወርዶ እጁን አስገብቶ ሁለቱንም ማሠሪያ ነካ፣ ገመዱን እስከ ሥሩ ዳሰሰ። ተመልሶ ተቀመጠና ሐረማያን እስክናልፍ ድረስ ሲያንጎራጉር መጣ።

ጀጎል ስንገባ ሰው ተሰበሰበ። እንደ ፈራው አንዳንዱ አዘነ፤ አንዲት ዘመዳችን ጮክ ብላ ልታለቅስ ስትል ዐብዱልዋሲዕ «ሠርግ ቤት ነው!» ብሎ ቀጨባት። በሦስተኛው ቀን ግን ሰው ስለ ዓይኑ ማውራት ትቶ መኪናውን ይዞ ይመጣ ጀመር። «ፋሪስ፣ ይኼን ድምፅ ስማልኝ» እያለ። ሚልኪያስ ራሱ ሁለት ጊዜ ጋራዡ ወስዶታል።

ኒካሑ ዕለት በቤታችን መደብ፣ ነደባው ላይ፣ ከሸኹ ቀኝ ተቀመጠ። ሙሽራው እጁን ሰጠው። ፋሪስ የልጁን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «የወንድሜን የዐብዱራሕማንን ልጅ ኑሰይባን ድሬሃለሁ፣ አጋብቼሃለሁ» አለ። ድምፁ አልተሰበረም። ግቢ የነበሩት የአፎቻ ማኅበራችን ሴቶች ሳይቀሩ ሰሙት፣ ቤቱም በእልልታ ተሞላ። ማንም ለእሱ ለማዘን ጊዜ አልነበረውም።

ኑሰይባ ስትወጣ ፋሪስን ወደ መኪናዋ የመራችው እሷ ናት። ፈረስ መጋላ ላይ የድሮ ሹፌሮች መንገድ ዘግተው ጠበቁን። አንዱ፣ ወሬውን ያልሰማ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ፋሪስ! አንተ እያለህ ሴት ትነዳለች እንዴ? ተነሥና ያዝ!» አለው።

ፋሪስ ወደ ድምፁ ዞሮ ሳቀ። «እኔ ዛሬ ልጄን ስድር የዋልኩ ሰው ነኝ፤ የደከመው ሰው ይነዳል?» አለው። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ከኋላ ኑሰይባ አገጯን ከፍ አድርጋ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች።

እናትህን እማማ ገላነሽን እኔው ሄጄ በፔጆዋ አምጥቻቸው ነበር። የጾም ቀን ስለነበር ለብቻቸው የጾም ምግብ አሰናድተንላቸዋል። ፋሪስን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጄ ይከሳል? ይበላል? ማታ በጊዜ ይገባል?» እያሉ ሲመረምሩት ዋሉ። ሁሉንም ደህና ነው ብሎ መልሷል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንተን ግን እንዳላሳስብህ ነግረውኛል፤ እኔ ደግሞ አሳስቤሃለሁ። ካሁን ወዲያ እየሄድኩ አያቸዋለሁ።

ፋሪስ ረመዳንን እዚህ ሊያሳልፍ ወስኗል። መድኃኒቱን ሐኪም አይቶለታል። ከዚያ በኋላ ይመለሳል ወይስ ይቀራል የሚለውን አልጠየቅሁትም፤ አልጋው ግን ተነጥፏል። አሁን ይህን ስጽፍ ዐብዱልዋሲዕን አጠገቡ አስቀምጦ መኪና ከማስነሣት በፊት ምን ምን መመርመር እንዳለበት እያስተማረው ነው። ነጭ ላንድክሩዘሩ ተረስቷል።

እንግዲህ ኒቆዲሞስ፣ የሚያጽፍህ ሰው እኛ ጋ ነው ያለው። አሁን የራስህን ጻፍልን።

እህትህ ሰዐዲያ